ጌሙ ይነሳል፣ ሙዚቃው ግን የለም፦ የዲስክ ኢሜጅ ፎርማቶች ሲመዘኑ

የድሮ የፕሌይስቴሽን ሲዲ ወደ ኮምፒውተር ገለበጣችሁ እንበል። ከዚያ ባዶ ሲዲ ላይ በርን አድርጋችሁ ማጫወቻው ውስጥ ከተታችሁት። ጌሙ ተነሳ፤ መኪናው ይሮጣል፣ ሞተሩ ያጓራል። ሙዚቃው ግን የለም። ወይም ደግሞ መግቢያው ላይ ያለችው አጭር ፊልም ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንረግመው ባዶውን ሲዲ ነው፤ ቀጥሎ የማጫወቻውን ሌንስ። ሁለቱም ጥፋተኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ሌላ ተጠርጣሪ ግን አለ፤ እሱም ሲዲውን ስትገለብጡ የመረጣችሁት የፋይል ዓይነት ነው።

አይኤስኦ፣ ቢን እና ኪው፣ ሲዲአይ፣ ሲኤችዲ... ስማቸው ብዙ ነው። ሁሉም «የዲስክ ኢሜጅ» ይባላሉ፤ የአንድ ዲስክ ሙሉ ግልባጭ በፋይል መልክ ማለት ነው። «ሙሉ» የምትለዋ ቃል ላይ ግን ቆም እንበል። እያንዳንዱ ፎርማት ከዲስኩ ላይ የሚይዘውም የሚጥለውም ነገር አለው። እዚህ አንድ በአንድ እንመዝናቸዋለን። መመዘኛችን ሁለት ጥያቄ ነው፦ ምን ይጥላል? ሲጥልስ ይናገራል?

ነገሩ የጌም ብቻ እንዳይመስላችሁ። ምናልባት ቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው የሰርግ ቪሲዲ የተሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ወደ እሱም እንደርሳለን።

ሦስት ቁጥሮች

ፎርማቶቹን ለመመዘን ሦስት ቁጥር ማወቅ ይበቃል፦ 2048፣ 2352 እና 2448።

ሲዲ መጀመሪያ የተፈጠረው ለሙዚቃ ነው። ፊሊፕስና ሶኒ ደንቡን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ ለግራና ለቀኝ ሁለት ቻናል፣ ለእያንዳንዱ ልክ 2 ባይት። ስታባዙት በሰከንድ 176,400 ባይት ይመጣል። ሲዲው ይህንን በሰከንድ 75 ቦታ ይከፋፍለዋል፤ አንዷ ክፋይ ሴክተር ትባላለች። 176,400 ለ75 ሲካፈል 2352። የመጀመሪያው ቁጥር ከዚህ መጣ፦ አንድ ሴክተር ሙዚቃ 2352 ባይት ነው።

ቆይቶ ሲዲው ላይ የኮምፒውተር ፋይል ማስቀመጥ ተፈለገ። እዚህ ላይ ችግር መጣ። ዘፈን ውስጥ አንዲት ባይት ብትሳሳት ጆሮ አይሰማውም። ፕሮግራም ውስጥ አንዲት ባይት ከተሳሳተች ግን ጌሙ በቃ ይቆማል። ስለዚህ ከ2352ቱ ላይ 304 ባይት ለጥበቃ ተወሰደ፦ 12 ባይት የሴክተሩን መጀመሪያ ለማሳወቅ፣ 4 ለአድራሻ፣ 4 ስህተት መኖሩን ለማወቅ፣ 8 ባዶ፣ 276 ደግሞ ስህተቱን ለማረም። የቀረው 2048 ነው። ፋይላችሁ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይሄ ጽሑፍ አያስፈልግም ነበር። ግን ጌምና ቪዲዮ መጡ። ቪዲዮ ላይ አንዲት ነጥብ ለቅጽበት ብትበላሽ ማንም ልብ አይልም፤ ታዲያ ለምን 276 ባይት ለማረሚያ ይባክናል? በዚህ ሐሳብ ሌላ ዓይነት ሴክተር ተፈጠረ፤ ማረሚያውን አውጥቶ በቦታው ተጨማሪ ድምፅና ምስል የሚጭን። በዚህኛው ውስጥ ለይዘቱ የተተወው 2324 ባይት ነው። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ብዙ ጌሞች ለፊልሞቻቸው ድምፅና ለንግግር ድምፆቻቸው ይህንን ይጠቀማሉ፤ ቪሲዲም እንደዚሁ።

ሦስተኛው ቁጥር 2448 ነው። ከእያንዳንዱ ሴክተር ጎን ለጎን 96 ባይት የሚሆን ቀጭን መረጃ ይሮጣል፤ ንዑስ ቻናል ይባላል። የሲዲ ማጫወቻ መስኮት ላይ «ትራክ 3፣ 2:15» ብሎ የሚጽፈው ከዚህ አንብቦ ነው። 2352 ላይ 96 ሲደመር 2448።

አሁን ፎርማቶቹን መመዘን እንችላለን።

አይኤስኦ፦ ጥሩ ጸሐፊ፣ ኅዳግ የማያይ

አይኤስኦ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1988 ከወጣው ዓለም አቀፍ የሲዲ ፋይል አደረጃጀት ደንብ፣ ከአይኤስኦ 9660 ነው። የሚሠራው ነገር ቀላል ነው፤ ከእያንዳንዱ ሴክተር 2048ቱን ባይት ብቻ ወስዶ በተርታ ይደረድራል።

የብራና መጽሐፍ አስቡ። አንድ ቁም ጸሐፊ ወንጌል ሲገለብጥ ቃሉን በጥንቃቄ ይጽፋል። የድሮው ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ግን ሌላ ነገር ይኖራል፤ የርስት ውል፣ የስጦታ ማስታወሻ፣ የምስክር ስም። ገልባጩ ቃሉን ብቻ ከወሰደ፣ ወንጌሉ ምንም ሳይጎድልበት የአካባቢው ታሪክ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሱ ከተገኙት ጥቅሞች አንዱ ይሄ ነበር፤ ካሜራ ኅዳጉንም ያነሳል። አይኤስኦ እንደ ገልባጩ ነው።

ይሄ ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። ሲዲው ላይ ያለው ተራ የኮምፒውተር ፋይል ብቻ ከሆነ፣ የተጣለው 304 ባይት ከ2048ቱ ተነስቶ እንደገና ሊሰላ የሚችል ነው። በርን ስታደርጉት ጸሐፊው ድራይቭ ራሱ ይመልሰዋል። ዲቪዲ ላይ ደግሞ አይኤስኦ ትክክለኛው ምርጫ ነው፤ ዲቪዲ ለተጠቃሚው የሚሰጠው ሴክተር ከመነሻውም 2048 ባይት ነውና። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 አብዛኛው ጌሙ በዲቪዲ ነው፤ አይኤስኦ ይበቃዋል። «አይኤስኦ ብቻ ያዙ፣ ሁሉም እሱ ነው» የሚለው ምክር እዚያ እውነት ነው። ወደ መጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሲወሰድ ነው ችግር የሚያመጣው።

ምክንያቱም አንደኛ፣ የዚያ ዘመን ብዙ ጌሞች ዲስካቸው ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ትራክ ጌሙ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ትራኮች እንደ ማንኛውም ዘፈን ሲዲ የተቀዱ ሙዚቃዎች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1994 ከፕሌይስቴሽን ጋር አብሮ በጃፓን የወጣው ሪጅ ሬሰር ጥሩ ምሳሌ ነው። ጌሙ በሙሉ ኮንሶሉ ሜሞሪ ውስጥ ስለሚገባ፣ ከተነሳ በኋላ ሲዲውን አውጥታችሁ የጥላሁን ገሠሠን ሲዲ ብትከቱበት መኪናውን በጥላሁን ዘፈን ትነዱታላችሁ። አይኤስኦ ግን ትራክ የሚባል ነገር አያውቅም። የመጀመሪያውን ይወስዳል፣ ሙዚቃውን ይተዋል። ሁለተኛ፣ 2324 ባይት የያዘው ሴክተር ወደ 2048 ሲታጨድ 276 ባይት ይቆረጥበታል። ይሄኛው እንደገና አይሰላም፤ ራሱ ይዘቱ ነው የተቆረጠው።

ፍርዳችን ይሄ ነው። አይኤስኦ መጣሉ አያስወቅሰውም፤ ቀላልና ጠቃሚ ፎርማት ነው። የሚያስወቅሰው ዝምታው ነው። ፋይሉ ውስጥ «እዚህ 12 የሙዚቃ ትራክ ነበረ፣ ትቼዋለሁ» የሚል አንድ መስመር የለም። የተቀበላችሁት ሰውም አያውቅም፣ እናንተም አታውቁም፣ ዋናው ሲዲ እስኪጠፋ ድረስ ማንም አያውቅም።

ቢን እና ኪው፦ ሐዲዱና የጣቢያዎቹ ዝርዝር

ቢን 2352ቱንም ባይት እንዳለ ይወስዳል። ፕሮግራም ይሁን፣ ፊልም ይሁን፣ ሙዚቃ ይሁን አይመርጥም። ግን እንዲህ ሲደረደር የት ጋ ምን እንደሚጀምር በምን ይታወቃል? ለዚህ ነው ኪው የተባለችው ትንሽ ፋይል አብራ የምትመጣው።

ጦር ኃይሎች አካባቢ የምትኖሩ በቀላሉ ይገባችኋል። ከአያት ተነስቶ ጦር ኃይሎች የሚያበቃውን ባቡር አስቡ። ቢን ሐዲዱ ነው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ የት እንደደረሳችሁ የማይነግር ብረት። ኪው ደግሞ የጣቢያዎቹ ዝርዝር ናት። ኪውዋን በኖትፓድ ክፈቷት፤ ማንም ሊያነበው የሚችል ጽሑፍ ነው። መጀመሪያ የቢኑን ፋይል ስም ትጠራለች፣ ከዚያ ትራክ 1 ይሄ ዓይነት ነው፣ ትራክ 2 ሙዚቃ ነው፣ የሚጀምረው በዚህ ደቂቃ፣ በዚህ ሰከንድ፣ በዚህ ሴክተር ነው ትላለች። ሦስተኛዋ ቁጥር ከ0 እስከ 74 ብቻ የምትሄደው ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ፤ በሰከንድ 75 ሴክተር ስላለ ነው።

ይህ ግልጽነት የቢንና ኪው ትልቁ ውበት ነው። ከ20 ዓመት በኋላ የሠራው ፕሮግራም ቢጠፋ እንኳ አንድ ተማሪ ኪውዋን አንብቦ ዲስኩ እንዴት እንደነበረ ይረዳል።

ድክመትም አላት። ሁለት ፋይል መሆኗ ራሱ አንዱ ነው፤ ጓደኛችሁ በፍላሽ ቢኑን ብቻ ሰጥቷችሁ ከሄደ ጣቢያ የሌለው ሐዲድ ነው የያዛችሁት። የቢኑን ስም ብትቀይሩ ኪውዋ የድሮውን ስም እየጠራች ታጣዋለች፤ መፍትሔው ኖትፓድ ላይ ስሙን ማስተካከል ነው። ከዚህ የከበደው ደግሞ ንዑስ ቻናሉን አትይዝም። ለአውሮፓ ገበያ የተዘጋጁ አንዳንድ የፕሌይስቴሽን ጌሞች የቅጂ መከላከያቸውን የደበቁት እዚያ 96 ባይት ውስጥ ነበር፤ የተወሰኑ ሴክተሮች ላይ ሆን ተብሎ የተበላሸ መረጃ በማስገባት። ያንን ሳይዝ የተገለበጠ ጌም ይነሳል፣ ትንሽ ያጫውታል፣ ከዚያ መሐል ላይ ይደርቃል። ለእነዚህ 2448ቱንም የሚይዝ ፎርማት፣ ለምሳሌ የክሎንሲዲ ሲሲዲ፣ ያስፈልጋል።

የፕሮግራም ፎርማቶች

ኤንአርጂ የኔሮ ነው፣ ኤምዲኤፍ የአልኮሆል፣ ሲዲአይ የዲስክጀግለር። ሁሉም አንድ ኩባንያ ለራሱ ፕሮግራም የሠራቸው ናቸው። በጊዜያቸው ጥሩ ሠርተዋል፤ ለማስቀመጫ ግን አይመከሩም። ቁልፉ አንድ ሰው እጅ የሆነ ቤት ናቸው።

ከእነዚህ ሲዲአይ ለብቻው መታየት አለበት። የሴጋ ድሪምካስት ጌሞች የሚመጡት 1 ጊጋባይት ያህል በሚይዝ ልዩ ዲስክ ነበር፤ ባዶ ሲዲ ግን 700 ሜጋባይት ነው። በሲዲአይ የሚዞሩ ብዙ የድሪምካስት ጌሞች ሲዲ ላይ እንዲበቁ ተደርገው የተከረከሙ ናቸው፤ የሙዚቃቸው ጥራት የወረደ፣ ፊልሞቻቸው የተቀነሱ። ያንን የተጫወተ ልጅ «ድሪምካስት ድምፁ ደካማ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ያልሰማውን ነገር ከየት ያውቃል? ሙሉው ጂዲአይ በሚባለው ፎርማት ነው የሚቀመጠው።

ሲኤችዲ፦ አጥፎ የሚያስቀምጥ

የአዳዲሶቹ ኢሙሌተሮች ተወዳጅ ሲኤችዲ ነው፤ የመጣው ማሜ ከተባለው የአርኬድ ጌም ፕሮጀክት ነው። ቢንና ኪውን አንድ ፋይል ውስጥ ያጥፋቸዋል፣ መጠናቸውን ይቀንሳል፣ ምንም ሳይጥል። ሙዚቃውን ድምፅ ሳይጎዳ በሚያሳንስ ዘዴ፣ ሌላውን እንደ ዚፕ ባለ ዘዴ ያሽገዋል። ሊሰላ የሚችለውን ማረሚያም ሲዘጋ አውጥቶ ሲከፈት ይመልሰዋል። ውስጡ የማረጋገጫ ቁጥርም አለው፤ ፋይሉ ፍላሽ ላይ ተበላሽቶ ከሆነ ማወቅ ይቻላል። ሁለተኛውን ጥያቄያችንን፣ «ሲጥልስ ይናገራል?» የሚለውን፣ በደንብ ከሚመልሱት አንዱ ነው። ጉድለቱ በዓይን አለመነበቡ ነው፤ ኪውን በኖትፓድ እንደምታነቡት አታነቡትም። በርን ለማድረግም መጀመሪያ ወደ ቢንና ኪው መመለስ አለባችሁ።

ማንም የማይዘው

አንድ ነገር ግን ከእነዚህ ፎርማቶች አንዱም አይዝም። የፕሌይስቴሽን ሲዲ ከታች ጥቁር ነው፤ ብዙ ልጆች መከላከያው ጥቁረቱ ይመስላቸው ነበር። ጥቁረቱ ለዓይን ነው፤ የማጫወቻው ሌዘር ለዓይን የማይታይ ብርሃን ስለሆነ ጥቁሩን አልፎ ይሄዳል። እውነተኛው መከላከያ ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ያለው የመረጃ መስመር ሆን ተብሎ ወልገድ ወልገድ እንዲል መደረጉ ነው። በዚያ መወላገድ ውስጥ አገሩን የሚናገሩ አራት ፊደላት ተጽፈዋል፤ የጃፓን፣ የአሜሪካና የአውሮፓው ይለያያሉ። መስመሩ የፕላስቲኩ ቅርጽ እንጂ ባይት ስላልሆነ፣ ኮምፒውተራችሁ አያነበውም፣ በርነራችሁም አይጽፈውም። ቺፕ ያልተደረገለት ፕሌይስቴሽን የተገለበጠ ሲዲ የማይቀበለው ለዚህ ነው። «ሙሉ ግልባጭ» የሚባለው ሁሉ ባይቱ ላይ ያበቃል።

የሕጉንም ነገር በግልጽ እንናገር። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም፣ ሙዚቃንም፣ ፊልምንም ይጠብቃል። የሰው ሥራ አባዝቶ መሸጥ የሚያስጠይቅ ነው። እዚህ የምናወራው የራስን ዲስክ ከጭረትና ከዕድሜ ስለማትረፍ ነው።

መሳቢያው ውስጥ ያለው ቪሲዲ

ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከኮልፌ እስከ መርካቶ፣ በየሰፈሩ የፕሌይስቴሽን ቤት ተሰልፎ ጆይስቲክ የጠበቀ ትውልድ፣ በዚያው ዘመን የአማርኛ ፊልም የሚያየው በቪሲዲ ነበር። «ሲዲ 1» ሲያልቅ «ሲዲ 2» ይቀየራል። ሰርግ፣ ልደት፣ ምርቃትም በቪሲዲ ተቀርጿል።

እስቲ አንድ እንቆቅልሽ። የ80 ደቂቃ ሲዲ 360,000 ሴክተር አለው። በ2048 ስታባዙት 737,280,000 ባይት ነው፤ «700 ሜጋባይት» ተብሎ የሚጻፍበት እሱ ነው። ሙሉ ቪሲዲ ዊንዶውስ ላይ ከፍታችሁ የፊልሙን ፋይል መጠን ብታዩ ግን ከ800 ሜጋባይት በላይ ሊያሳያችሁ ይችላል። ሲዲው ከአቅሙ በላይ እንዴት ያዘ? መልሱን ይዛችኋል፦ 360,000 በ2352 ሲባዛ 846,720,000 ነው። ቪዲዮው የሚነበበው ማረሚያ ከሌላቸው ሴክተሮች ነው፤ ዊንዶውስም 2352ቱን ቆጥሮ ነው የሚያሳያችሁ።

አሁን ያንን ቪሲዲ በአይኤስኦ ለመገልበጥ ብትሞክሩ አስቡት። አንዳንድ ፕሮግራም እምቢ ይላል፤ እሱ ይሻላል። ሌላው ዝም ብሎ ከእያንዳንዱ 2324 ባይት 276ቱን ይቆርጣል፤ ወደ 12 በመቶ መሆኑ ነው። የሚወጣው ቪዲዮ ይቆራረጣል፣ ካሬ ካሬ ይሆናል፣ ወይም ጭራሽ አይከፈትም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ለጌሞች ሪደምፕን የመሰሉ የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክቶች የእያንዳንዱን ዲስክ የማረጋገጫ ቁጥር መዝግበው ይዘዋል። ሪጅ ሬሰር አንድ ልጅ በተሳሳተ ፎርማት ስለገለበጠው ከዓለም አይጠፋም። የአክስታችሁ ሰርግ ግን ምናልባት ያለው አንድ ሲዲ ላይ ብቻ ነው። ያ ሲዲ ደግሞ በርን የተደረገ ነው፤ መረጃው የተጻፈው ብርሃንና ሙቀት በሚያደበዝዘው ቀለም ላይ ነው። አንዴ በስህተት ገልብጣችሁ ዋናውን «አያስፈልግም» ብላችሁ ብትጥሉት የሚመልሰው የለም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ዲስኩ ምን እንደሆነ እወቁ። ዲቪዲ ከሆነ አይኤስኦ ይበቃል። ሲዲ ከሆነ፣ ጌምም ይሁን ዘፈን ወይም ቪሲዲ፣ ቢንና ኪው ምረጡ። ከፕሌይስቴሽን 2 ጌሞች ውስጥም ከታች ሰማያዊ የሆኑት ሲዲ ናቸው።

ዲስኩን ከመሐል ወደ ዳር በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፤ ዙሪያውን እያዞራችሁ አትጥረጉት። ሁለት ጊዜ አንብቡትና የሁለቱን ፋይሎች የማረጋገጫ ቁጥር አነጻጽሩ። አንድ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው፤ ከተለያየ አንዱ ንባብ ላይ ስህተት አለ።

በርን ስታደርጉ ፕሮግራሙ ላይ የምትከፍቱት ኪውዋን ነው፣ ቢኑን አይደለም። ፋይሉን ጎትቶ ሲዲው ላይ መጣልም አይሠራም፤ ያ ሲዲ ውስጥ ፋይል ማስቀመጥ ነው፣ ዲስኩን መልሶ መሥራት አይደለም። ሲዲው በአንድ ትንፋሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲጻፍ «ዲስክ አት ዋንስ» የሚለውን ምረጡ፤ አለዚያ በትራኮች መሐል ያልነበረ ክፍተት ሊገባ ይችላል። ደጋግሞ የሚጻፍበትን ሲዲ አርደብሊው ለድሮ ኮንሶል አትጠቀሙ። የታተመ ሲዲ ከብርሃኑ 70 በመቶውንና ከዚያ በላይ ሲመልስ፣ ሲዲ አርደብሊው የሚመልሰው ከ15 እስከ 25 በመቶ ብቻ ነው፤ የድሮ ሌንስ ለዚያ አልተሠራም።

በመጨረሻም፣ ያገኛችሁት ፎርማት የቱም ቢሆን አጠገቡ አንዲት የጽሑፍ ፋይል አስቀምጡ፦ ዲስኩ ምን ነበር፣ መቼ ተገለበጠ፣ ስንት ትራክ ነበረው፣ የትኛው ቦታ አልነበበም። አይኤስኦ ያልተናገረውን እናንተ ትናገሩለታላችሁ። ሰርጉን ከ30 ዓመት በኋላ የሚያየው ልጅ የሚያምነው ያንን ነው።